የጠገበች ድመት ጎተራ ትጠብቃለች

በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ ክምሩ ተወቅቶ ጎተራው ሲሞላ፣ ሜዳ ላይ የከረመው አይጥም ምግብና መጠለያ ፍለጋ ወደ ቤት ይገባል። የእነማይ ወረዳ ከተማ ቢቸናም ሆነች የሁለት እጁ እነሴዋ ሞጣ፣ ከደጀን ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የጤፍና የስንዴ አገር ይገኛሉ። በዚህ አገር የዓመቱ ልፋት ሁሉ የሚያርፈው በጭቃና በእበት በተለሰነ ጎተራ፣ በጎታ፣ ወይም ጓዳ ውስጥ በተደረደረ ጆንያ ነው። አንዲት የቤት አይጥ በቀን የምትበላው 3 ግራም ገደማ ብቻ ነው፤ ነገር ግን በ3 ሳምንት እርግዝና ከ5 እስከ 8 ትወልዳለች፣ ልጆቿም ሁለት ወር ሳይሞላቸው ለመውለድ ይደርሳሉ። ጉዳቱ ደግሞ በተበላው እህል አያበቃም። የአይጥ ዓይነ ምድር ደርቆ ሲፈረፈር ከጤፍ ጋር በወንፊት ያልፋል፤ ሽንቱንም የሚለይ ወንፊት የለም። ጆንያው ይቀደዳል፣ ቆዳና ልብስ ይበላል፣ የብራና መጽሐፍ ባለበት ደብርም ብራናው ሳይቀር ይቆረጠማል።

ለዚህ ችግር ከጥንት ጀምሮ የሚታወቀው መፍትሔ ድመት ናት። ከእሷ ጋር አብሮ የኖረው ምክር ደግሞ «አታብሏት፤ ከጠገበች ትሰንፋለች» የሚለው ነው። ይህ መመሪያ የሚሟገተው ለተቃራኒው ሐሳብ ነው። ድመት ጎተራ የምትጠብቀው ስለራባት ሳይሆን እዚያው ስለምታድር ነው፤ እንድታድር የሚያደርጋት ምግብ፣ ሙቀትና ደኅንነት ነው። ከምርጫ እስከ ክትባት ያሉት እርምጃዎች ሁሉ የሚመነጩት ከዚህ አንድ ሐሳብ ስለሆነ፣ አስቀድሞ ማስረጃውን መመዘን ይገባል።

ማስረጃው ምን ይላል?

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የሚለው ተረት ስለ ሰው ይነገር እንጂ ስለ ድመቷም እውነት ነው። ሮበርት አዳሜክ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጡት ጥናት፣ ድመቶች የሚወዱትን ምግብ እየበሉ ሳለ በሕይወት ያለ አይጥ ሲቀርብላቸው ምግባቸውን ትተው አይጡን ገደሉ፤ ከገደሉም በኋላ ወደ ምግባቸው ተመለሱ። አደን ከሆድ ጥያቄ ተለይቶ የሚሠራ አመል መሆኑን ይህ ያሳያል። በሌላ በኩል ሒሳቡን እንሥራ። 4 ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን 240 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያስፈልጋታል፤ 20 ግራም የምትመዝን አይጥ የምትሰጣት 30 ገደማ ነው። ስለዚህ በአይጥ ብቻ ለመኖር በየቀኑ 8 አይጥ መያዝ አለባት። በቀን 8 አይጥ የሚገኝበት ቤት አስቀድሞ በአይጥ የተወረረ ነው፤ ድመቷ አይጡን በቀነሰችው መጠን ደግሞ የምትበላው ያልቅባታል። ያኔ ወደ ጎረቤት ማጀት፣ ወደ ልኳንዳው ደጅ ወይም ወደ ጫጩቶቹ ትሄዳለች። የማትመገብ ድመት ሥራዋን በደንብ በሠራች ቁጥር ከቤት ትባረራለች ማለት ነው።

ከእርሻ ቤቶች የተገኘው ማስረጃም ወደዚሁ ያመራል። የኦክስፎርዱ የሥነ እንስሳት ሊቅ ቻርልስ ኤልተን እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተሙት ጥናት፣ በእንግሊዝ አገር የእርሻ ግቢዎች ድመቶች ምን እንደሚሠሩ መርምረዋል። ያገኙት ውጤት ሁለት ፊት አለው። አስቀድሞ በትልልቅ አይጦች የተወረረን ግቢ ድመት ብቻዋን ልታጸዳው አትችልም፤ በሌላ ዘዴ ከጸዳ በኋላ ግን አይጥ ተመልሶ እንዳይሰፍር ማድረግ ትችላለች። ይህም የሆነው ድመቶቹ ወተት እየተሰጣቸው ከግቢው ሳይርቁ ሲኖሩ ነው። ከእኛ ኑሮ የሚቀርበው ማስረጃ ከደቡባዊ አፍሪካዋ ኢስዋቲኒ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ጥናት፣ በገጠር መኖሪያ ግቢዎች አይጦች ምግብ ፍለጋ የሚያደርጉት እንቅስቃሴ የቀነሰው ድመትና ውሻ አብረው ባሉበት ነበር፤ ድመት ብቻ ወይም ውሻ ብቻ ባለበት ግን ይህን ያህል ለውጥ አልታየም። ሁለቱም ጥናቶች የሚነግሩን የሚገደለው አይጥ ቁጥር ብቻ ወሳኝ እንዳልሆነ ነው። አይጥ አደጋ ባለበት ቦታ ተረጋግቶ አይበላም፤ ይህን ስጋት የሚፈጥረው ጠባቂው በቦታው መኖሩ ነው።

እዚህ ላይ በቀላሉ የማይታለፍ ተቃውሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 የእንግሊዙ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ሥጋ የበዛበት ጥሩ ምግብ ያገኙ ድመቶች ወደ ቤት ያመጡት አደን በ36 በመቶ እንደቀነሰ አሳይተዋል። እንግዲያው ምግብ አደንን ይቀንሳል ማለት አይደለምን? በከፊል አዎን፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን እናስተውል። አንደኛ፣ ጥሩ የምትመገበዋም ድመት ከአደኑ ሁለት ሦስተኛውን ቀጥላለች። ሁለተኛ፣ የእኛ ምርጫ በጠገበች ድመትና እቤት በምትቀመጥ የተራበች ድመት መካከል አይደለም፤ በጠገበች ድመትና ሌሊቱን የት እንዳለች በማትታወቅ ድመት መካከል ነው። ለጎተራው በሳምንት ጥቂት አይጥ ይዛ በየሌሊቱ የምታድርለት፣ ብዙ ይዛ ከምትጠፋው ትሻለዋለች።

እርምጃ 1፦ ድመቷ ሳትመጣ ቤቱን ያዘጋጁ

የኤልተን ጥናት የመጀመሪያውን ሥራ ይወስንልናል፤ ወረራውን የሚሰብሩት እርስዎ ነዎት፣ ድመቷ የምትጠብቀው የተሰበረውን ነው። ስለዚህ ድመቷ ከመምጣቷ በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል በየግድግዳው ጥግ ወጥመድ ያስቀምጡ። ወጥመዱን ቤቱ መካከል ማኖር ዋጋ የለውም፤ አይጥ የሚሄደው ግድግዳ ታክኮ ነው። ትልልቆቹን አይጦች በተለይ በወጥመድ መያዝ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ጥናት፣ በኒው ዮርክ አንድ የቆሻሻ ማቀነባበሪያ ውስጥ የነበሩ ድመቶች በ79 ቀናት ክትትል ሲገድሉ የታዩት ሁለት ትልልቅ አይጦችን ብቻ ነበር። ድመት የምትመርጠው ትንሿን የቤት አይጥና የትልቁን አይጥ ልጆች ነው፤ ያደገው ትልቅ አይጥ ይናከሳል፣ እሷም ይህን ታውቃለች።

ቀጥሎ ቀዳዳዎችን ይመልከቱ። ለትንሿ አይጥ 6 ሚሊ ሜትር ክፍተት፣ እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ ማለት ነው፣ በቂ በር ነው። እንዲህ ያለውን ክፍተት በቁራጭ ቆርቆሮ ወይም በጠጠር ጠቅጥቀው ከላዩ በጭቃ ይለስኑት፤ ጭቃ ብቻውን ይቆፈራል። ጎተራው እግር ካለው ከመሬት 1 ሜትር ያህል ከፍ ይበል፣ ምክንያቱም ትልቅ አይጥ ከ70 ሳንቲ ሜትር በላይ ሽቅብ መዝለል ይችላል። በየእግሩም ላይ ለስላሳ ቆርቆሮ አፉን ወደ ታች ደፍተው ያልብሱ፤ አይጡ በእንጨቱ ሲወጣ ከዚያ አያልፍም። በጎተራው ዙሪያ ያለውን ሣር፣ ማገዶና ጭድ አንድ ሁለት እርምጃ ያርቁ። እህልዎን በሦስት ድርብ ፒክስ ከረጢት የሚያስቀምጡ ከሆነ፣ ከረጢቱ አየር ስለማያስገባ ነቀዝን ያለ መድኃኒት ይከላከላል፤ የአይጥ ጥርስን ግን አይችልም፤ አንዴ ከተበሳም ለነቀዝም መከታ አይሆንም። እንዲህ ላለው ቤት ድመት ይበልጥ ታስፈልጋለች።

እርምጃ 2፦ ግልገሏን ከመምረጥዎ በፊት እናቷን ይመርምሩ

ድመት በአገራችን ከጎረቤት ወይም ከዘመድ ትመጣለች እንጂ በዘር ሐረግ አትመረጥም፤ ይህም ጥቅም አለው፣ እናቷን ማየት ይቻላልና። እናት ድመት ለልጆቿ አስቀድማ የሞተ አይጥ ታመጣለች፣ ቀጥላ በሕይወት ያለውን አምጥታ ፊታቸው ትለቃለች፤ በዚህ መንገድ አያያዙን ያያሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «እናቷ አይጥ ትይዛለች ወይ?» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ሰው ትቀርባለች ወይ?» የሚለው ነው። ግልገል ከሰው ጋር የምትላመደው በተለይ ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንቷ ባለው ጊዜ ነው፤ በዚህ ጊዜ የሰው እጅ ያልነካት ግልገል ስታድግ ቤት አታድርም፣ ለክትባትም አትያዝም።

ብዙ ሰው ግልገሏ መላስ እንደጀመረች በአንድ ወሯ ይወስዳታል። ይህ ስሕተት ነው፤ የአደኑ ትምህርት ገና አልተጀመረም፣ የእናት ወተትም አልበቃትም። ቢያንስ 8 ሳምንት፣ ቢቻል 10 ሳምንት ይሙላት። ጊዜውን ከእህሉ ወቅት ጋር ማገናኘትም ብልህነት ነው። በሐምሌ መጀመሪያ የ2 ወር ሆና የመጣች ግልገል፣ ጤፉ ተወቅቶ በሚገባበት በጥር የ8 ወር አዳኝ ትሆናለች። በጥር የመጣች ግልገል ግን ለዚያ ዓመት እህል አትደርስም፤ የደጋውን የጥር ሌሊት ብርድም ለመቋቋም ትቸገራለች።

ግልገሏን በእጅዎ ይዘው ከራስ እስከ ጅራት ይመርምሩ። ዓይኗ የጠራ፣ ፈሳሽ የሌለበት ይሁን። አፍንጫዋ አይዝረክረክ፣ አታስነጥስ። ጆሮዋን ገልብጠው ሲያዩ የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ፍርፋሪ ካለ የጆሮ ቅማል አለባት፤ ይድናል፣ ግን ይታወቅ። ድዷ ቀላ ያለ ይሁን፤ የነጣ ከሆነ ደሟ በቁንጫ ወይም በሆድ ትል አልቋል። ሰውነቷ ከስቶ ሆዷ ብቻ የተወጠረ ግልገልም ትል ያለባት ናት። ከዚያ መሬት ላይ አስቀምጠው አንድ የሣር ዘለላ ፊቷ ይጎትቱ፤ አይኗን ተክላ፣ ዝቅ ብላ የምትዘል ግልገል የሚፈለገው አመል አላት። ጥግ ይዛ የማትነቃነቀውን ወይም እጅ ስትነካ አብዝታ የምትቧጭረውን ይተዉ። ቀለም ከአደን ጋር ግንኙነት የለውም። ከጾታ አንፃር ሴቷ ከወንዱ ባነሰ አካባቢ ስለምትዘዋወር ለጎተራ ትመረጣለች፤ ወንዱ ካልተኮላሸ ሴት ፍለጋ ርቆ ይሄዳል። ቤቱ የሚችል ከሆነ ሁለት እኅትማማች መውሰድ ከአንዷ ይሻላል።

እርምጃ 3፦ የመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት

ድመት ከሰው ይልቅ ለቦታ ትቆራኛለች፤ ያ ቁርኝት ሳይጸና ከተለቀቀች ወደ መጣችበት ለመመለስ ትነሣለች። ስለዚህ በክዳናም ቅርጫት ወይም አየር በሚያስገባ ካርቶን ያምጧትና እህሉ ባለበት ክፍል ወይም አጠገቡ ለ3 ሳምንት ያህል ዘግተው ያኑሯት። ከመሬት ከፍ ባለ ቦታ አሮጌ ጋቢ ወይም ጭድ ያንጥፉላት። ሰፋ ባለ ዝቅተኛ ዕቃ አመድና አሸዋ አድርገው ከምግቧ ራቅ አድርገው ያስቀምጡ፤ ድመት በተፈጥሮዋ ቆፍራ የምትቀብር ስለሆነች ትምህርት አያስፈልጋትም፣ ቦታውን ማየት ይበቃታል። ውሃ ሁልጊዜ ይኑራት። በነዚህ ሳምንታት ምግቧን በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ስም እየጠሩ ይስጧት፤ በኋላ ማታ ማታ ወደ ቤት የሚመልሳት ይህ ልማድ ነው። ስትለቀቅም ከምሽቱ ምግብ በፊት፣ እየራባት ሳለ ይልቀቋት፤ ለምግቡ ስትል ትመለሳለች። በክፍሉ በር ግርጌ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው መግቢያ ቢተውላት በፈለገች ሰዓት ትገባለች። አይጥም በዚያው ይገባል የሚል ስጋት ቢነሣ፣ መልሱ የእህሉ መከላከያ ራሱ ጎተራው እንጂ የክፍሉ በር አለመሆኑ ነው።

እርምጃ 4፦ ምን፣ መቼና የት ትመገብ?

ድመት ያለ ሥጋ መኖር የማትችል እንስሳ ናት። ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ መጠን መሥራት አይችልም፤ ከሥጋ፣ ከዓሣና ከራሱ ከአይጡ ታገኘዋለች። ሲጎድላት ዓይኗ ይደክማል፣ ልቧም ይታመማል። ስለዚህ እንጀራ ብቻ የሚጣልላት ድመት ሆዷ ቢሞላም ቀስ በቀስ ትጎዳለች። ከዚህ የባሰው እንጀራው በወጥ የራሰ ሲሆን ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬውም ሆነ የበሰለው፣ የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ ወጣችን ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው፦ ወጥ የነካው ነገር ለድመት አይሰጥ።

የሚስማማት ለቤቱም የማይከብድ ነው። ከልኳንዳ በርካሽ የሚገኘው ሳንባ፣ ጣፊያና ቁርጥራጭ ሥጋ፣ ያለ ጨው ተቀቅሎ፣ በቀን አንድ እፍኝ ያህል ከምትይዘው አይጥ ጋር ሆኖ ይበቃታል። ጉበት ጥሩ ነው፣ ግን በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ትንሽ ብቻ፤ ሲበዛ ይጎዳታል። የተቀቀለ እንቁላል፣ ቅመም ያልገባበት አይብ፣ አጥንቱ የወጣለት ዓሣ ይስማሟታል። ወተት ለብዙ ያደጉ ድመቶች ተቅማጥ ያመጣል፤ ከሰጡም ትንሽ ይሁን፣ ውሃን አይተካ። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ይሰነጠቅና አንጀት ይበሳል። ለግልገል በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፣ ላደገችው ጠዋትና ማታ ይበቃል። የማታው ምግብ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ በጎተራው አጠገብ ይሁን፤ የአይጥ እንቅስቃሴ የሚጀምረው ያኔ ነውና እሷም በቦታዋ ትገኛለች። ከበላች በኋላ ትርፉን ያንሡ፤ የተረፈ ምግብ አይጥ ይጠራል።

በአካባቢው ትልቁ ፈተና ጾም ነው። ሑዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው፤ በዚያ ጊዜ ልኳንዳ ይዘጋል፣ ከማጀቱም ሥጋና ወተት ይጠፋል፤ ድመቷም በሽሮ እንጀራ ትቀራለች። ይሁን እንጂ ጾሙ የታዘዘው ለሰው ነው፤ እንስሳ አይጾምም፣ ዶሮዋም እንቁላል መጣሏን፣ ላሚቱም መታለቧን አታቆምም። ለቅቤ ከሚጠራቀመው ወተት የሚወጣው አይብና በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ የሚቀቀል አንድ እንቁላል አብዛኛውን ክፍተት ይሞላሉ። ከጾሙ በፊት ደግሞ ሳንባውን ቀቅለው፣ በቀጭኑ ዘልዝለው፣ ያለ ጨውና ያለ በርበሬ እንደ ቋንጣ ያድርቁት፤ ሲሰጧት በሞቀ ውሃ ያርሱታል።

እርምጃ 5፦ ጤናዋ የቤተሰቡም ጤና ነው

የእብድ ውሻ በሽታ ስሙ ከውሻ ጋር ይያያዝ እንጂ ድመትም ታስተላልፈዋለች፤ ምልክቱ ከታየ በኋላም ለሰው መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ግልገሏ 3 ወር ሲሞላት ወደ ወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ወስደው ክትባቱን ይጠይቁ፤ ከዚያም በየዓመቱ ይደገማል። ክትባቱ በዕለቱ ባይገኝ ውሻ የሚከተብበትን ዘመቻ ቀን ይጠይቁና ድመቷንም ይዘው ይሂዱ። ድመት ሰው ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይጠቡት፣ በዚያው ዕለትም ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ጸበሉንም ሆነ የባህል መድኃኒቱን የሚፈልግ ሰው ቢኖር ክትባቱን የሚተካ ነገር እንደሌለ ይወቅ። ድመቷን ደግሞ ለ10 ቀን ዘግቶ መከታተል ይገባል።

ሌላው ተቃውሞ «ድመት ነፍሰ ጡርን ትጎዳለች» የሚለው ነው፤ መሠረት አለው። ቶክሶፕላዝማ የተባለው ጥገኛ በድመት ዓይነ ምድር ይወጣል፣ በእርግዝና ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ ከያዘም ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። ሆኖም ድመት ይህን የምታወጣው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ በተያዘችበት ወቅት ለሁለት ሳምንት ገደማ ነው፤ የወጣውም ነገር በሽታ ለማስተላለፍ ከ1 እስከ 5 ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ አመዱን በየቀኑ ማንሣት አደጋውን በእጅጉ ይቀንሳል፤ የሚያነሣው ግን ነፍሰ ጡሯ ሳትሆን ሌላ የቤት ሰው ይሁን። ጥገኛው ወደ ሰው የሚገባው በጥሬ ሥጋና ባልታጠበ አትክልት ጭምር መሆኑም መዘንጋት የለበትም፤ ድመቷን አባርሮ ጥሬ ሥጋ መብላት ነፍሰ ጡሯን አያድናትም። ለድመቷ የሚሰጠውንም ሥጋ መቀቀል የሚያስፈልገው ለዚሁ ነው።

የሆድ ትል መድኃኒት ለግልገል ከክሊኒኩ በክብደቷ ልክ ይሰጣታል፤ አይጥ የምትበላ ድመት በዓመት ውስጥ ደጋግማ መውሰድ አለባት። ቁንጫ ሲበዛባት ለከብት ወይም ለውሻ የተሠራ መርጫ አይጠቀሙ፤ ከነዚህ ውስጥ ፐርሜትሪን ያለበት ድመትን ይገድላል። ለሰው የሚሰጠው ፓራሲታሞልም ለድመት መርዝ ነው። የተኛችበትን ጨርቅ በፈላ ውሃ ማጠብና ወለሉን መጥረግ ከሁሉ ይቀድማል።

እርምጃ 6፦ መርዝና ድመት በአንድ ቤት አይኖሩም

«አንድ ፍሬ መርዝ በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል፤ ድመት መቀለብ ለምን?» የሚል ይኖራል። መርዝ ፈጣን መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን የአይጥ መውለድ ፈጣን ነው፤ የተረፉት ጥቂቶች ወይም ከጎረቤት የሚመጡት በጥቂት ወራት ቦታውን ይሞሉታል፣ መርዙም እንደገና ይገዛል። በየጊዜው የሚገዛው መርዝ ደግሞ ሕፃናት ባሉበት፣ እህል በሚቀመጥበትና ምግብ በሚበስልበት ቤት ውስጥ ይኖራል። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ዓይነት በበላው አይጥ ሥጋ ውስጥ ይቆያል፤ ፍጥነቱን አጥቶ የሚንገዳገደውን አይጥ የምትይዘው ድመቷ ናት፣ እሷም በቀናት ውስጥ ደሟ እየፈሰሰ ልትሞት ትችላለች። ዚንክ ፎስፋይድም በአይጡ ሆድ ውስጥ የቀረው ሊመርዛት ይችላል። ለነቀዝ ተብሎ እህል ውስጥ የሚገባው የፎስፊን ክኒን የሚያወጣው ጋዝ ሰው በሚያድርበት ቤት ሰው ይገድላል። ስለዚህ ድመት ካለ ወጥመድ እንጂ መርዝ አይኑር፤ ጎረቤት መርዝ ሲያስቀምጥ እንዲነግርዎ ይስማሙ፣ እነዚያን ቀናት ድመቷን ይዝጉ።

እርምጃ 7፦ ከውሻ፣ ከዶሮና ከልጆቿ ብዛት ጋር

የኢስዋቲኒው ጥናት ውሻና ድመት አብረው ሲሆኑ ውጤቱ እንደሚሻል ስላሳየ፣ ሁለቱን ማስማማት ትርፍ ሥራ አይደለም። ውሻውን አስረው በመጀመሪያ የድመቷን ጨርቅ ያሽትት፣ ከዚያ ከርቀት ይተያዩ፣ እሷ የምትወጣበት ከፍታ ሁልጊዜ ቅርብ ይሁን። ምግባቸው ለየብቻ ይሰጥ። በዶሮ በኩል፣ ያደገች ዶሮን ድመት ብዙ ጊዜ አትደፍርም፤ አደጋው ለጫጩት ነው። ጫጩቶቹ ስድስት ሳምንት እስኪሞላቸው በቅርጫት ወይም በወንፊት ሽቦ ይጠበቁ፤ ግልገሏ ከልጅነቷ ከእናት ዶሮ ጋር ከተላመደች ደግሞ ትፈራታለች። ሌሊት ያደገች ዶሮ ከቆጥ ላይ ከተወሰደች አስቀድመው የሚጠረጥሩት ሸለምጥማጥን ይሁን፤ ድመቷን ከመክሰስዎ በፊት የቆጡን በር ይመርምሩ።

ሴት ድመት በ65 ቀን ገደማ እርግዝና በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ልትወልድ ትችላለች፤ ግልገሎቿን የሚወስድ ሰው ካልተገኘ ማሳው ውስጥ የሚጣሉት ወይ ይሞታሉ ወይ ክትባት የማያውቁ የሜዳ ድመቶች ይሆናሉ። የእንስሳት ሐኪሙ የሚችል ከሆነ ወንዱን ማኮላሸት፣ ሴቷን ማምከን ትክክለኛው መንገድ ነው። ይህም አደኗን አያጠፋም፤ የሚቀንሰው ርቆ መሄድንና ከሌሎች ድመቶች ጋር መጣላትን ነው። ይህ ካልተቻለ ለግልገሎቹ የሚወስዷቸውን ቤቶች ከመወለዳቸው በፊት ያዘጋጁ፤ ደህና አዳኝ እናት ያላት ግልገል ፈላጊ አታጣም።

እርምጃ 8፦ ውጤቱን ይለኩ

ድመት መያዝ በእምነት ብቻ የሚቀጥል ሥራ መሆን የለበትም። ድመቷ ከመምጣቷ በፊት አንድ ምሽት፣ በጎተራው ሥርና በጆንያው ዙሪያ የተነፋ አመድ በስሱ ይነስንሱ። ጠዋት ጎንበስ ብለው ሲያዩ የአይጧ ትንንሽ ጣቶችና በመካከል የጅራቷ ሰረዝ አመዱ ላይ ታትመው ያገኛሉ። ያንን ያስታውሱ፤ ከዚያ ድመቷ ማደን ከጀመረችበት ጊዜ አንሥቶ በየወሩ ይደግሙት። ዱካው እየሳሳ ከሄደ ሥራው ተሳክቷል። ትንንሹ ዱካ ጠፍቶ ትልቁ ብቻ ከቀረ ድመቷን አይውቀሱ፤ ወጥመዱን ይመልሱ። ሁለቱም ካልቀነሱ የሚመረመሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ አዲስ ቀዳዳ ተከፍቶ እንደሆነ፣ ወይም ድመቷ ሌሊቱን ሌላ ቦታ እያደረች እንደሆነ።

ይህ ሁሉ ለአንዲት ድመት ብዙ ወጪ ይመስል ይሆናል። ወጪው ግን በቀን እፍኝ ሳንባ ወይም አንድ እንቁላል፣ በዓመት አንድ ክትባትና ጥቂት የትል ክኒን ነው። በሌላው ወገን የሚቀመጠው የተቀደደ ጆንያ፣ የሚደፋ ጤፍ፣ በየወቅቱ የሚገዛ መርዝና በመርዙ የሚመጣ ስጋት ነው። ደግሞም ድመቷ መሣሪያ አይደለችም፤ ራሷ የሚርባትና የሚያማት ፍጥረት ናት፣ ወደ ቤት ያመጣናትም እኛ ነን። ለእሷ የሚገባትን ማድረግና እህልን መጠበቅ የተለያዩ ሥራዎች ቢሆኑ ኖሮ ምርጫው ከባድ ይሆን ነበር። ማስረጃው የሚያሳየው ግን አንድ ሥራ መሆናቸውን ነው፤ ስለዚህ ከዛሬ ማታ ጀምሮ የድመቷን ምግብ ከጎተራው አጠገብ ያስቀምጡ።